ሦስቴ የፈላ ውሃ

ዛኪር የማይጸየፈው ነገር የለም ብል አላጋነንኩም። ሰው እጁን ሲዘረጋለት ክርኑን ነው የሚሰጠው። ሻይ ቤት ሲገባ የቀረበለትን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንስቶ ያገላብጠዋል፣ ፊቱን አጨማዶ መልሶ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ የራሱን ኩባያ ከቦርሳው ያወጣል። ባጃጅ ላይ ሲወጣ ወንበሩን በመሀረብ ጠርጎ ነው። ሁለተኛ ሚስቱ ጥላው የሄደችው፣ እሱ እንደሚለው፣ ድስት አጥርታ ስለማታጥብ ነው፤ እሷ እንደምትለው ግን ድስት እያሸተተ የሚውል ባል ስለሰለቻት ነው። እኔ እሷን አምናለሁ።

እኔ ዊዳድ እባላለሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ከመልካ ጀብዱ መንገድ ወጣ ብሎ ባለው የግመል ወተት መሰብሰቢያ በር ላይ ጠረጴዛ አለኝ። ዛኪር ወተቱን ይለካል፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ እኔ ከባለወተቷ ስም አጠገብ እጽፋለሁ። አራት ዓመት እንዲህ ሠራን። የጠራውን ሁሉ ጽፌያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ «እርግጠኛ ነህ?» ብዬው አላውቅም። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለመጻፍ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

የዛኪር አባት የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ከሥራ ሲመለሱ የእጃቸውን ግራሶ በላምባ አጥበው ገበታ ይቀርቡና ለልጆቻቸው ያጎርሱ ነበር። እህቶቹ «ዛኪር እንዲህ የሆነው ያንን የላምባ ጉርሻ በልቶ ነው» ይላሉ። ልጅ ሳለ ጀምሮ ይጸየፍ ነበር፣ ሲያድግ ደግሞ ተጸያፊነቱ እንጀራው ሆነ። አንድ የለስላሳ ፋብሪካ ቀጠረውና አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቦይለር ውሃ ሲለካ ኖረ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ጠባብ ቁራጭ ወረቀት ውሃው ውስጥ ይነክራል፣ ወረቀቱ ቀለሙን ይቀይራል፣ ቀለሙን ካርድ ላይ ከተሳሉት ቀለሞች ጋር ያስተያያል። ወደ ቢጫ ካደላ ኮምጣጣ ነው። ወደ ሰማያዊ ካደላ የሳሙናና የአመድ ወገን ነው። መሀል ላይ ያለው አረንጓዴ ሰባት ይባላል፤ ያ ወደየትም ያላደላ ነው። ዛኪር ከዚህ በላይ ስለ ዓለም ማወቅ የሚያስፈልግ አይመስለውም ነበር።

ፋብሪካው ሲዘጋ ወደ እኛ መጣ። የግመል ወተት ጤነኛ ከሆነ ከሰባት ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ስድስት ከአምስት አካባቢ፣ ማለትም ስድስት ነጥብ አምስት። ሙቀት ሲያገኘው ይኮመጥጥና ቁጥሩ ይወርዳል። ከስድስት ከሁለት በታች ከሆነ አንቀበልም። የማንቀበለውን ወተት ደግሞ ዝም ብለን አንመልስም፤ ባለወተቷ ቀፊራ ገበያ ወስዳ እንዳትሸጠው ሰማያዊ የምግብ ቀለም ጠብ እናደርግበታለን። ሰማያዊ ወተት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለማየት ያስጠላል። ሴትየዋ ያንን ተሸክማ በሰው መሀል ስታልፍ ማየት ደግሞ ይብሳል።

ወተቱን በዚያ ወረቀት በምንለካበት ዘመን በየማለዳው ጠብ ነበር። አሥራ አንድ ሴቶች ከዋሂል በኩል በአንድ አይሱዙ ተጭነው ይመጣሉ፣ ከወረዱ ጀምሮ የዛኪርን ትከሻ ከብበው ወረቀቱ ላይ ያፈጣሉ።

«ይሄ ቢጫ ነው» ይላል ዛኪር።

«ኧረ አቦ አረንጓዴ ነው! ዓይንህን ታከም!»

«ቢጫ ነው አልኩሽ። አንገቴ ላይ አትተንፍሺብኝ!»

ከወተቱ በላይ የሚያስጠላው ይሄ ጭቅጭቅ ነበር። ስለዚህ አምና ሥራ አስኪያጁ ሉቅማን የኤሌክትሮኒክስ መለኪያውን ሲያመጣ፣ ዛኪር ሌላ ሰው ሆነ። የቴሌቪዥን ሪሞት የሚያክል ዕቃ ነው፤ ጫፉ ላይ ቀጭን የብርጭቆ እንክብል አለው። እንክብሉን ወተቱ ውስጥ ነክረህ ትንሽ ስትጠብቅ ቁጥሩ ይወጣል፤ ስድስት ነጥብ አምስት ሁለት። ከቁጥር ጋር ማን ይጨቃጨቃል? ሴቶቹ ዝም አሉ። ዛኪር ወረቀቶቹን መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ ዘጋባቸው፣ መለኪያውን እንደ ወርቅ በጥጥ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ጀመረ። ቀድሞ ሲጠራጠር በትንሹ ይቀምስ ነበር፤ ያንንም ተወው። «ከዛሬ ጀምሮ ጥሬ ወተት አፌ ውስጥ አይገባም፣ አልሃምዱሊላህ» አለኝ።

ነገር ግን መለኪያው በየጥቂት ቀኑ ሰባት ማለት ምን እንደሆነ ሊነገረው ይገባል። ካልተነገረው ቀስ በቀስ ይስታል። ለዚህ ተብሎ ልኩ ሰባት የሆነ ፈሳሽ አለ፤ ባፈር ይሉታል፤ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። እንክብሉን እዚያ ውስጥ ነክረህ ቁልፉን ስትጫን መለኪያው «እሺ፣ ሰባት ይሄ ነው» ብሎ ይይዛል። ሚያዝያ ላይ ባፈሩ አለቀ። ሉቅማን «ታዟል» አለ። በሳምንቱም «ታዟል» አለ። በኛ መሥሪያ ቤት ታዟል ማለት ረስቼዋለሁ ማለት ነው።

ዛኪር ጠበቀ፣ ተነጫነጨ፣ በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣለት። ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው ንጹህ ውሃ ሰባት ነው። እሱ ደግሞ ንጹህ ውሃ ማዘጋጀት የሚችል ሰው ነው። የድሬ ውሃ ኖራ እንደሆነ ማንም ይመሰክራል፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጡ ነጭ ድንጋይ ነው፣ ሻወር ቤት ቧንቧው በዓመቱ ይደፈናል። ስለዚህ በየቤታችን የምናደርገውን አደረገ፤ ውሃውን አፈላው፣ አሳደረው፣ ነጩ ዝቃጭ ታች ሲቀር ጥሩውን ከላይ ቀዳው፣ በንጹህ ነጠላ አጠለለው። ሌላው ሰው አንድ ጊዜ ያፈላል። ዛኪር ተጸያፊ ነዋ! ሦስቴ አፈላው። በመስታወት ዕቃ አድርጎ ወደ መስኮቱ አነሳና አሳየኝ፤ እውነትም እንደ እንባ የጠራ ነበር።

«ከዚህ የበለጠ ንጹህ ውሃ ድሬ ውስጥ የለም» አለ።

እንክብሉን ነከረው፣ ቁልፉን ተጫነ፣ መለኪያው ሰባት ብሎ ያዘ። እኔም እዚያው ቆሜ ሻዬን እየጠጣሁ አየሁ።

በማግስቱ የአሥራ አንዱም ሴቶች ወተት ወደቀ። አምስት ከስድስት፣ አምስት ከሰባት፣ አምስት ከአምስት። ሁሉም! ጤነኛ ሰው ይህን ሲያይ መለኪያውን መጠርጠር ነበረበት። ዛኪር ግን ሰውን ነው የጠረጠረው፤ ድሮም ሲጠብቀው የነበረ ነገር ነዋ። «አላልኩሽም? ሰው ቆሻሻ ነው። ግንቦት ሲገባ ይታያል» አለኝ፣ ፊቱ ላይ ደስታ የሚመስል ነገር እያየሁበት። ሙቀቱም እውነት ሙቀት ነበር፤ በጠዋቱ ቆርቆሮው ይጮሃል። አሥራ አንድ ጀሪካን ውስጥ ሰማያዊ ጠብ አደረገ። ሴቶቹ እየተሳደቡ ሄዱ። በማግስቱም ያው ሆነ። ሉቅማን ከቢሮው ወጥቶ «ደንበኞቼን ምን ላጠጣቸው?» ብሎ ጮኸና ተመልሶ ገባ።

በሦስተኛው ቀን ግን ሂርሲ ያመጣው ወተት አለፈ። ሂርሲ የአይሱዙው ሹፌር ነው፤ ሴቶቹን እያመላለሰ የራሱንም አንድ ሁለት ጀሪካን ያመጣል። ስድስት ከአምስት! ዛኪር ትከሻውን መታ አደረገው፤ በክርኑ ቢሆንም ለሱ ብዙ ነው። በአራተኛው ቀን የአራት ሴቶች አለፈ። በሳምንቱ መጨረሻ የአሥሩም አለፈ።

ሆዳን ብቻ ቀረች።

ሆዳን በአርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ከዋሂል ወዲያ አራት የሚታለቡ ግመሎች አሏት። በወረቀቱ ዘመን እንኳ ትከሻ ላይ አትንጠለጠልም ነበር፤ ራቅ ብላ ቆማ ትጠብቃለች፣ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ወተቷ ተመልሶባት አያውቅም። ዕቃዋን አጥባ በእንጨት ጭስ ታጥነዋለች፤ ክዳኑ ሲከፈት የጭሱ ሽታ እኔ ጠረጴዛ ድረስ ይመጣል። አሁን ግን በየቀኑ አምስት ከስድስት። በየቀኑ ሰማያዊ። ሌሎቹ ሁሉ ሲያልፉ እሷ ብቻ ስትወድቅ ዛኪር በሷ ላይ የተለየ ጥላቻ ያዘ። የሷ ተራ ሲደርስ ጓንቱን በጓንት ላይ ይደርብ ነበር።

ነገሩ ለሷ ወተት ብቻ አልነበረም። አይሱዙው ላይ ያለው ቦታ አሥራ አንድ ነው፣ ቦታ የሚጠብቁ ሌሎች አሉ። ሴቶቹ ተማከሩና እስከ ቅዳሜ ወተቷ ካላለፈ ቦታዋን ለሌላ እንሰጣለን አሉ። መሰብሰቢያው የጣለውን ሰው ወተት ደግሞ ቀፊራም አይገዛውም፤ ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። ዕቃዋን የማታጥብ ሴት የሚል ስም ከወጣላት፣ ከዚያ ወዲያ ወተቷን ለጥጃ ነው የምታጠጣው። ስለዚህ እስከ ቅዳሜ በየቀኑ መጣች።

ረቡዕ ዕለት ዛኪር ፈነዳ። ክዳኑን ከፍቶ እንክብሉን ነከረና ቁጥሩን ሲያይ ወደኋላ ዘሎ፣ «አንቺ ሴትዮ አታፍሪም? ሰው የሚጠጣው እኮ ነው! ይሄን ጀሪካን ከታጠበ ስንት ወሩ ነው?» አለና በሴቶቹ ፊት እትፍ አለ። ወደኔ ዞረ። «ቁጥሩን ተይው። ቆሻሻ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ። ከስሟ አጠገብ በደንብ በሚነበብ ጽሕፈት፣ ቆሻሻ።

ሆዳን አማርኛ ትናገራለች፣ ማንበብ ግን አትችልም። ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ ጣቷን ቃሉ ላይ አድርጋ፣ «ምን ብለሽ ነው?» አለችኝ።

«ቁጥር ነው» አልኳት።

ሐሙስ ማለዳ ቤቴ ሻይ አፈላሁ። ለሠራተኛ በሳምንት የሚሰጠን ወተት አለ፤ ከሂርሲ ጀሪካን የተቀዳ ነበር። ሻዩ ላይ ስጨምረው አረፋው ተነሳ፣ ቀለሙ ግራጫ ቢጤ ሆነ፣ ቀምሼው ምላሴ ላይ የልብስ ሳሙና የላስኩ መሰለኝ። እናቴ አንድ ጊዜ ጎንጨት ብላ መልሳ ብርጭቆው ውስጥ ተፋችው። «ይሄ ወተት ነው ወይስ የገላ እጣቢ?» አለች። የሠፈራችን ባለ ሱቅም በዚያው ጠዋት ሦስት ሰው ወተት እንደመለሰበት ነገረኝ።

የተረፈውን ይዤ መሰብሰቢያው ሄድኩ። የዕለቱ ወተት ገና ወርዶ ነበር፣ ዛኪር ግን መለካት አልጀመረም።

«ይሄን ቅመሰው» አልኩት።

«አብደሻል? ስድስት ከአምስት ነው፤ ራስሽ ነሽ የጻፍሽው። ማሽን አይዋሽም።»

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያን ቀን ዝም ማለት አቃተኝ። መሳቢያውን ጎትቼ የድሮውን ወረቀት አወጣሁ። አንዱን ቁራጭ የሂርሲ ጀሪካን ውስጥ ነከርኩት፤ ወረቀቱ ሰማያዊ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሌላውን የሆዳን ጀሪካን ውስጥ ነከርኩት፤ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት፣ በደህናው ዘመን የደህና ወተት ቀለም የነበረው። ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ ጠረጴዛው ላይ አደረግኋቸው።

ዛኪር መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። በራሱ እጅ ደገመው። የሌሎቹን ሴቶች ወተት በየተራ ነከረ፤ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄዶ ያንን እንደ እንባ የጠራ ውሃ አመጣና ወረቀት ነከረበት። ወረቀቱ ከሁሉም በላይ ሰማያዊ ሆነ።

«ቦይለር» አለ፣ ለራሱ ይመስል።

አልገባኝም ነበር፣ ጠየቅኩት። ቀስ ብሎ ነገረኝ፤ እንዲህ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። የኛ ውሃ ኖራ አለው፤ ከኖራው ጋር የተደበቀ ጋዝ አለ፤ ያ ጋዝ ነው ውሃውን ሰባት አካባቢ የሚይዘው። ስታፈላው ጋዙ በእንፋሎት ይሄዳል፣ ውሃው ወደ ስምንት ይወጣል። ባፈላኸው ቁጥር ይብሳል። ስለዚህ መለኪያው ስምንቱን ሰባት ነው ተብሎ ተማረ። ከዚያ ወዲህ የነካውን ሁሉ አንድ ያህል ዝቅ አድርጎ ሲያነብ ሰነበተ። ደህናውን ወተት ኮምጣጣ አለው። ወደ ሳሙና ያደላውን ደህና አለው።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቦይለር ውሃ የለካሁ ሰው ነኝ» አለ። «ይሄን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ሲፈላ እንደሚወጣ ለስንት ልጅ አስተምሬያለሁ! አቃጠለኝ እኮ፣ ዊዳድ። ኧክ!»

ኩባያውን ከቦርሳው አወጣ። ከሂርሲ ጀሪካን ቀዳና፣ ያ ተጸያፊ ሰው፣ ግማሽ ኩባያ ያህል በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ወደ ፍሳሽ ቦዩ ሮጠ፣ ሳይደርስ አስመለሰው። ትውከቱን ጨርሶ አፉን በመሀረቡ ሲጠርግ ዓይኑ ደም ለብሶ ነበር። «የመጋገሪያ ሶዳ ነው። የማንኪያ አይደለም፣ የጭልፋ ነው» አለ።

ሂርሲን ጠራነው። ያፍራል ብዬ ነበር። ሳቀ።

«ዋርያ ዛኪር፣ እኔ ምን ላድርግህ? ማሽንህ ሶዳ ይወዳል!» አለ። «የኔ መጀመሪያ ኮምጥጦብኝ ነበር፣ ሶዳ ነሰነስኩበት፣ አለፈ። ለሴቶቹ ነገርኳቸው። እነሱ ወተታቸው ደህና ነበር፣ ወላሂ። ደህናውን ስትጥልባቸው ምን ያድርጉ? ሶዳው ቀፊራ ሞልቷል።»

«ሆዳንስ?» አልኩት።

«እሷ ደረቅ ናት። ወተት ውስጥ ሳሙና አልከትም አለች።»

እስካሁን ድረስ ይሄን ሳስብ ይቀፈኛል። አንድ የተሳሳተ መለኪያ ለአሥር ሴቶች ሌብነት አስተማረ። የማትማረውን አንዲቷን ደግሞ እኛ ቆሻሻ አልናት።

ሉቅማን ቢሮው አስገብቶን በሩን ዘጋ። እጁን እያሻሸ ነው የሰማን። ሲገባው መጀመሪያ ያየው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ ነው።

«ባፈሩን ነገ በአውሮፕላን አስመጣለሁ» አለ። «የሶዳውን ነገር ለሂርሲ ንገሩትና ሴቶቹን በቀስታ ያስቁማቸው። ለማንም ምንም አታውሩ። ሳምንት ሙሉ ከተማውን ያጠጣነው እኮ ነው፤ ከወጣ ይዘጉናል፣ እናንተም ዳቦ አትበሉም። ለሆዳን ደግሞ ይቅርታ ተደርጎልሻል፣ እንደገና ማምጣት ትችያለሽ ትባል።»

«ምን አጥፍታ?» አለ ዛኪር።

«ማለት?»

«ይቅርታ የሚደረግላት ምን አጥፍታ ነው?»

ሉቅማን ፈገግ አለ፣ ያንን የደንበኛ ፈገግታ። «አቦ ዛኪር፣ ቃል አትሰንጥቅ። ደስ ነው የሚላት።»

ዛኪር አየው። ብዙ ነገር ሲጸየፍ አይቼዋለሁ፤ የአይጥ ሬሳ፣ የሽንት ቤት በር፣ የሰው ማበጠሪያ። ሉቅማንን ያየበት ዓይን ግን ከዚያ ሁሉ የተለየ ነበር። በሩን ከፍቶ ወጣ። ከዚያም ለሁለት ሰዓት ያህል እጁን ሲታጠብ ሰማሁት።

ዓርብ ማንም ወተት አልለካም፤ ሉቅማን መለኪያው ለጥገና ተልኳል ብሎ ሁሉንም መለሰ። ዛኪርም ቀኑን ሙሉ ከመስጊድ አልተመለሰም። እኔማ ሄዶ ቀረ ብዬ ነበር፣ እውነቱን ልናገርና ደስም ብሎኝ ነበር። ዝም ካለ እኔም ዝም እላለሁ።

ቅዳሜ አይሱዙው ሲቆም ዛኪር በሩ ላይ ቆሟል። ጓንት አላደረገም። ሆዳን ከሁሉ ኋላ ወረደች፤ ቦታዋ ላይ የምትገባው አዲሷ ሴት ጀሪካኗን ይዛ አብራ መጥታ ነበር። ሉቅማን በቢሮው መስኮት እያየ ነው።

«ስሙኝ» አለ ዛኪር። «መለኪያው ተሳስቶ ነበር። መለኪያውን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። በፈላ ውሃ ነው ያስተካከልኩት። የሆዳን ወተት አንድ ቀን አልኮመጠጠም፤ ደህና ነበር። ቆሻሻ ያልኳት ዋሽቼ ነው። የእናንተም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረጋችሁ ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ።»

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። አንዷም ቀና አላለችም። አንዷ የሻርፗን ጫፍ ታጣጥፋለች፣ ሌላዋ ጀሪካኗን በእግሯ ወደኋላ ትገፋለች። እውነቱን የሚፈልገው ሰው አልነበረም፤ ሉቅማንም፣ ሂርሲም፣ እነሱም።

ሆዳን ግን ወደፊት መጣች። «በሶማሊኛ በለው» አለችው። «ግማሾቹ አማርኛ አይሰሙም።»

ዛኪር የሚያውቀው ሶማሊኛ የገበያ ነው፤ ስንት ሊትር፣ ጥሩ፣ መጥፎ፣ ሂጂ። ተሳሳትኩ የሚለውን አያውቀውም። ሃምሳ ስድስት ዓመት ድሬ ኖሮ አስፈልጎት አያውቅም ነበር።

«አስተምሪኝ» አላት።

«ዋን ቀልደመይ» አለችው፣ ቀስ ብላ።

«ዋን ቀልደመይ» አለ።

አንድ በአንድ ሰጠችው። ወተቷ ደህና ነበር። ዕቃዋ ንጹህ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። እየሰበረ፣ እየተንተባተበ፣ ከአፏ እየተቀበለ ሁሉንም አለ። አንዱን ቃል ሲያበላሽ አስቆመችውና ደገመችለት፣ እስኪያስተካክለው ድረስ ወደሚቀጥለው አላለፈችም።

ሲጨርስ ዛኪር ወረቀቱን አወጣና «ዛሬ የሁላችሁንም በዚህ ነው የምለካው» አለ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሶዳው በወረቀት እንደማያልፍ ገብቷቸዋል። መጀመሪያ አንዷ ጀሪካኗን አነሳችና ወደ አይሱዙው መልሳ ጫነች። ከዚያ ሁለተኛዋ። ሦስተኛዋ። አዲሷም ተከተለቻቸው። የሚሰማው የጀሪካን ግጭት ብቻ ነው። ሉቅማን መስኮቱን ከፍቶ «ምን እየሆነ ነው?» ብሎ ጮኸ። ሂርሲ ወደ ጋቢናው ወጣ።

ጠረጴዛው ላይ የቀረው የሆዳን ጀሪካን ነው። ዛኪር ነከረ፣ ካርዱ ላይ አስተያየ። «ስድስት ከአምስት» ብሎ ጠራ።

ጻፍኩ። እስክሪብቶውን ሳነሳ ሆዳን አጠገቤ ቆማለች። ጣቷን ወደ ረቡዕ መስመር ወሰደችና ያንኑ ቃል ነካችው።

«ማንበብ የሚችል ሰው ጠይቄያለሁ» አለችኝ። «እሱ ጥፋቱን አመነ። አንቺስ?»

ዛኪር ነው ያዘዘኝ ልል ነበር። ደመወዝተኛ ነኝ ልል ነበር። ዓይኗን ሳይ እነዚያ ሁሉ አፌ ውስጥ እንደዚያ የሐሙስ ሻይ ሳሙና ሳሙና አሉኝ።

«ዋን ቀልደመይ» አልኩ።

ውጪ የአይሱዙው ሞተር ተነሳ። ሆዳን ወደዚያ አየችና መልሳ ወደኔ ዞረች።

«ጮክ በይ» አለችኝ፣ «መኪናው ሳይሄድ።»